የመስቀል ልብስ አስረካቢ ፍለጋ

ወልቂጤ ልብስ የሚገዛው ለባሹ ራሱ ነው። ቡታጅራ ግን፣ በተለይ መስቀል ሲደርስ፣ ገዢው ሌላ፣ ለባሹ ሌላ ነው። ይህችን ልዩነት ለመረዳት አንድ ሙሉ መስቀል ከስሬበታለሁ። ውድ ትምህርት ነው፤ ግን ዩኒቨርሲቲ በር ላይ እየነገድኩ ኖሬ ውስጥ ገብቼ ስላልተማርኩ፣ እንደ ትምህርት ቤት ክፍያ ቆጥሬ ተውኩት።

ወልቂጤ ሳለሁ ደንበኞቼ ተማሪዎች ነበሩ። ተማሪ ሱሪ ሲገዛ መጋረጃው ጀርባ ገብቶ ይለካል፤ ወጥቶ መስታወቱ ፊት ይዞራል፤ ጓደኛውን «እንዴት ነው?» ይላል። ጓደኛው «አሪፍ ነው፣ ያዘው» ካለ ዋጋ ይከራከራል፤ ከሳቀ ያወልቃል። ሱሪው ቢጠብም ቢሰፋም ጉዱ እዚያው መጋረጃ ጀርባ ያልቃል እንጂ ተከትሎኝ ቤቴ አይመጣም። ስለዚህ ጅምላ ሻጩ የሰጠኝን ሁሉ አምጥቼ እሰቅል ነበር፤ ለአንዱ ያልሆነው ለሌላው ይሆናል።

ትዳር ወደ ቡታጅራ ሲወስደኝ ሱቄንም ከሻንጣዬ ጋር ጠቅልዬ ሄድኩ። ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በረንዳ ያላት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። የልጆች ልብስ ሞላሁባት። መስቀልን ጠበቅኩ።

ለመስቀል ጉራጌ ከያለበት አገሩ ይገባል። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከጅማ መኪናው መቆሚያ እስኪያጣ ድረስ ይመጣል። ልጆች አዲስ ሳይለብሱ የዋሉበት መስቀል ደግሞ ከመስቀል አይቆጠርም። ከገጠር የምትመጣ እናት ግን ስድስት ልጅ አስከትላ ገበያ አትወጣም፤ ክር ይዛ ነው የምትመጣው። እያንዳንዱን ልጅ ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ በክር ትለካና ጫፉን ትቋጥራለች። አንድ ቋጠሮ የበኩሩ፣ ሁለት ቋጠሮ የተከታዩ፣ እያለ እስከ ጡት ጣዩ ይወርዳል።

አንዲት የመስቃን ገጠር እናት ያንን የክር ጥቅል ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ስትዘረጋው ሳቄ መጣ።

«እናቴ፣ ዕድሜያቸውን ንገሪኝና እኔ አወጣልሻለሁ» አልኳት።

«ዕድሜ ልብስ ይለብሳል እንዴ? የሚለብሰው ይሄ ነው!» ብላ ክሩን አፍንጫዬ ስር አወዛወዘችው።

እኔ ግን የተማሪ ከተማ ሰው ነኝ፤ የማምነው አንገቱ ላይ የተሰፋውን ቁጥር ነበር። እንደ ምንም ዕድሜያቸውን አስገመትኳትና ለስምንት ዓመቱ ስምንት የሚለውን፣ ለአሥር ዓመቱ አሥር የሚለውን አሽጌ ሰጠኋት። መርቃኝ ሄደች። ምርቃቱ የቆየው እስከ ደመራ ነው።

በዓሉ እንዳለፈ ልብሱን በማዳበሪያ ይዛ ተመለሰች። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ገዢዎች ነበሩ፤ እሷም ይህንኑ ስትጠብቅ የቆየች ይመስለኛል።

«የበኩር ልጄ» አለች ጮክ ብላ፣ «በደመራው ዕለት ጉልበቱን ለሕዝብ ሲያሳይ ዋለ። ሰው ሁሉ ‹ይሄ ልጅ ወንዝ ሊሻገር ነው እንዴ?› ይለኛል።»

ገዢዎቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቼ ተውኩት።

«እናቴ፣ ልቀይርልሽ…»

«በዓሉንም ትቀይሪልኛለሽ? መስቀል ለዓመቱ ነው የሚመጣው።» ክሮቿን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውራ በሩ ላይ ዞር አለች። «ከእንግዲህ የእኛ መንደር ሰው ይሄን በረንዳ አይረግጥም።»

ይህን ስትል እንደ ማንኛውም የተናደደ ሰው ቁጣ ቆጥሬው ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ግን ሴትዮዋ የአንድ ቤት ገዢ አልነበረችም። ገበያ መውጣት ያልቻለ የመንደሯ ሰው ሁሉ ክሩን የሚሰጠው ለእሷ ነው። እኔ የሰደድኩት አንዲት እናት መስሎኝ አንድ መንደር ነበር። እሷን ተከትለው ሌሎችም መለሱ፤ ያልመለሱትም ዝም አሉ እንጂ አልወደዱልኝም። ቡታጅራ የልብስ ሱቅ ዓመቱን ሙሉ የሚተነፍሰው በመስቀልና በአረፋ ነው። አንድ መስቀል ያበላሸውን ነጋዴ ሰው ይታዘበዋል፤ ሁለት ያበላሸውን ይረሳዋል። ለነጋዴ ደግሞ ከመወቀስ መረሳት ይብሳል። የሚቀጥለው መስቀል ካልተቃናልኝ ሱቄን መዝጋቴ እንደማይቀር ለማንም ሳልናገር አውቄው ነበር።

ታዲያ ያ ቁጥሩ የሚዋሽ ልብስ ከየት መጣ? ከጋሼ።

ጋሼ የባለቤቴ የእናቱ ወገን ናቸው፤ መርካቶ ውስጥ የልጆች ልብስ በጅምላ ሲያስረክቡ ነው የኖሩት። ሱቃቸው ስደርስ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። በጉራጊኛ ከሰው አልፈው የከብቱን ደህንነት ሳይቀር ይጠይቁኛል። ምሳ ሳልበላ አያሰናብቱኝም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የታሰረውን ጥቅል «እስቲ ፍቱልኝና ልየው» ማለት እንዴት ይቻላል? የአገር ልጅን ጥቅል ማስፈታት በእኛ ዘንድ «አላምንህም» ብሎ ፊት ለፊት ከመናገር አይለይም። በአማት ወገን ላይ ሲሆን ደግሞ ሽማግሌ የሚያስልክ ነገር ነው። ስለዚህ እንደታሰረ ተቀብዬ፣ እንደታሰረ ጭኜ፣ ቡታጅራ ፈታሁት። ጉራጌ ንግድ ያውቃል ይባላል። እውነት ነው፤ ዘመዱ ፊት ሲቀመጥ ግን የሚያውቀውን ሁሉ እንደ ጫማ በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው።

ጋሼም ሆን ብለው አላታለሉኝም። እሳቸውም ከአስመጪው የተቀበሉትን ሳይፈቱ ነው የሚያሳልፉት። አስመጪው ደግሞ የአገር ልጅ ነው።

«ለሚቀጥለው መስቀል ከማን ልታመጪ ነው?» አለኝ ባለቤቴ።

«ከሌላ ሰው።»

«ከሌላ ከማን?»

«ከማላውቀው።»

«ከሚያውቅሽ የጎደለ ከማያውቅሽ ይሞላል?»

«የማያውቀኝን ጥቅሉን አስፈታዋለሁ» አልኩት። «ለእናቴ ግን እኔ አልነግራትም» አለ።

ሰው አስረካቢ ሲመርጥ ዋጋ እየጠየቀ ይዞራል፤ ወይም ስልኩ ላይ በቴሌግራም የሚለጠፈውን ፎቶ እያየ ያዛል። ሁለቱንም ቀምሻቸዋለሁ። በፎቶ ያዘዝኩት ቀሚስ ሲመጣ ከፎቶው ጋር የሚያገናኘው ቀለሙ ብቻ ነበር፤ ሲታጠብ በእሱም ተለያዩ። ዋጋውም ቢሆን ያው ነው። በሽያጭ ቀን ጅምላ ሻጭ ሁሉ ማር ነው፤ ሊሸጥ የቆመ ሰው ክፉ ሲሆን ያየ ማን አለ? እኔ ማየት የፈለግኩት የተሸጠው ዕቃ ሲመለስበት የሚያሳየውን ፊት ነበር።

ስለዚህ መርካቶ የሄድኩት ማንም በማይሄድበት ሰሞን ነው። አረፋ አልፏል፤ አዲስ ዓመት ገና ነው፤ ክረምቱ ጭቃውን አቡክቶታል። በዚያ ሰሞን መርካቶ ገዢ የለም፤ ያለው መላሽ ነው። አረፋ ላይ የተበላሸበት ሁሉ ዕቃውን ተሸክሞ ይመጣል። እኔም አንድ ማዳበሪያ በአሮጌ ልብስ ሞልቼ፣ መላሽ መስዬ፣ የልጆች ልብስ ጅምላ ሱቆች በሚተያዩበት ጠባብ መንገድ ላይ ሻይ ከምታፈላ ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። ማዳበሪያ የያዘን ሰው በዚያ ሰሞን ማንም «ምን ልርዳሽ?» ብሎ አይጠጋውም። እንደ ልቤ አየሁ።

አንደኛው ሱቅ የአንድ ዘናጭ ጎልማሳ ነው። አንዲት ባለ ሱቅ ሸሚዞች ይዛ ቆማለች።

«እህቴ ሙች፣ ነገ ነይ፣ እቀይርልሻለሁ።»

«ትናንትም ነገ ብለኸኝ ነበር።»

«ትናንት ነገ ያልኩሽ ለዛሬ ነዋ።»

«ታዲያ ዛሬ ነው!»

«ዛሬማ ነገ ነው የምልሽ።»

ሻይ የምታፈላዋ ሴት ቀና ሳትል «እሱ ነገን ነው በጅምላ የሚያከፋፍለው» አለች።

ሁለተኛው የተከበሩ ሰው ናቸው። መላሹን አስቀመጡት፤ ለስላሳ አዘዙለት፤ ስለ ልጆቹ ጠየቁት። መጨረሻ ላይ የመለሰውን ተቀብለው በምትኩ ማንም ያልገዛውን ዕቃ አስታቅፈው ሸኙት። ሰውዬው አመስግኖ ወጣ። እኔም ጋሼ ትዝ አሉኝና ፊቴን አዞርኩ።

ሦስተኛዋ አንዲት ሴት ናት። ወፍራም ሹራብ ለብሳ፣ ጥቅል ላይ ተቀምጣ፣ ቆሎ ትቆረጥማለች። አንድ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ገና ማዳበሪያውን ሳያወርድ ጀመረችው።

«ዓይንህን ቤት ትተኸው ነው ዕቃ የምትገዛው? አረፋ ካለፈ በኋላ ነው ስፌት የሚታይህ? አምጣ ወዲህ!»

ልብሱን መንጭቃ ወሰደችው። ስፌቱን በሁለት እጇ ወጥራ አየችው። ወደ ኋላዋ ወረወረችው። ከመደርደሪያው ሌላ አወረደችና ደረቱ ላይ ጣለችለት። እንዲህ እያለች ማዳበሪያውን ጨረሰችው፤ አንድም ሳታስቀር ቀየረችለት፤ አንዴም ስድቧን ሳታቋርጥ።

«በል ሂድ! ደግሞ አውቶቡስ አመለጠኝ ብለህ ተመልሰህ እንዳታደርቀኝ!»

ሰውዬው ጠበል እንደተረጨ ሰው ፊቱ በርቶ ወጣ። ተከትዬው ጥግ ላይ ደረስኩበት።

«ወንድሜ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ናት?»

«ዛሬማ ደህና ናት» አለኝ።

ማዳበሪያዬን አንስቼ ወደ ሱቋ ገባሁ።

«ይሄ የእኔ ዕቃ አይደለም» አለች ገና በሩ ላይ። «የእኔን ዕቃ ከሩቅ አውቀዋለሁ። ወደ ወሰድሽበት ውሰጂው።»

«ልመልስ አይደለም እትዬ። አስረካቢ ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

«በዚህ ጭቃ? ዕቃ የሚገባው ለአዲስ ዓመት ነው። አሁን ምን አለ?»

«መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ዕቃ ብዬ ነው።»

«ሰው አልሸጥም።»

ከቦርሳዬ ያቺ እናት የወረወረችብኝን ክሮች አወጣሁና ጥቅሉ ላይ ዘረጋሁ። በሩ ላይ የቆሙት ተሸካሚዎች ሳቁ። አንዱ «ማሰሪያ ይዛ መጣች እንዴ?» አለ። እሷ አልሳቀችም። ቆሎዋን አስቀመጠች፣ እጇን ሹራቧ ላይ ጠረገች፣ ክሮቹን አንድ በአንድ አነሳች።

«ልጆች ናቸው?»

«ልጆች ናቸው።»

«የመቼ ነው?»

«ያለፈው መስቀል።»

«ታዲያ ባለፈው መስቀል ክር ነው ልብስ የምትገዢው? ልጅ ያድጋል እኮ! ለትንንሾቹ አራት ጣት ጨምሪ።» ከዚያ ከመደርደሪያው ልብስ እያወረደች ክሩን ታስቀምጥበት ጀመር። «ይሄ ፋብሪካ ስምንት ብሎ የሚጽፈው ስድስት ነው፤ ቀማኛ ነው። ያኛው ስምንት ብሎ አሥር ይሰፋል፤ ለጋስ ነው። ይሄንን አትውሰጂ፣ ሲታጠብ ያጥራል።»

«የራስሽን ዕቃ?»

«አንቺ ክረምት ለክረምት ተመልሰሽ መጥተሽ ከምትጨቀጭቂኝ አሁን ብነግርሽ ይሻለኛል። ሌላ ምን አለ?»

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ስገዛ ጥቅሉን አስፈታለሁ።»

«ፍቺ።»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም ፍቺ። የፈታሽውን ግን አንቺ ታጥፊያለሽ። እኔ ወገብ የለኝም።»

ለአዲስ ዓመት ዕቃው ሲገባ ሄጄ ሁሉንም ፈታሁ። ሁሉንም አጠፍኩ። አስተጣጠፌን እያየች «ቤትሽም እንዲህ ነው የምታጥፊው? ባልሽ እንዴት ችሎ ኖረ?» እያለች አዋለችኝ። ከመርካቶ ስወጣ ወገቤ አይታጠፍም ነበር፤ ልቤ ግን በቡታጅራ መንገድ ላይ ከሚኒባሱ ቀድሞ ይሄድ ነበር። የየት አገር ሰው እንደሆነች እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። እሷም ስለ ከብቶቼ ጠይቃኝ አታውቅም።

ወሬው ቡታጅራ ከእኔ ቀድሞ ገብቷል። ፊት ለፊቴ የልብስ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሱቃቸውን ከፍተው ሳይጨርሱ መንገዱን ተሻግረው መጡ።

«ሰማሁ» አሉኝ። «መርካቶን የሚያህል ነገር አያቶቻችን በትከሻቸው ተሸክመው አቅንተውልን፣ አንቺ ሄደሽ ከማታውቂያት ሴት ትገዢያለሽ?»

«ሐጂ፣ አያቶቻችን ጥቅል ይፈቱ ነበር።»

«ማን ነገረሽ?»

«ባይፈቱ ኖሮ መርካቶን አያቀኑም ነበር።»

ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። «አላህ ያግዝሽ። ካላገዘሽ ግን በረንዳሽን እኔ እፈልጋታለሁ፤ ለጫማ ትሆነኛለች።» እየሳቁ ነው ያሉት። በረንዳዬን ግን በዓይናቸው ለክተው ነበር የሄዱት።

የከተማው ሰው መግዛት ጀመረ። ሽያጩ ደህና ነበር። ሰው ሁሉ የሚፈልገው አንድ ቢጫ ቀሚስ ነበር፤ የአደይ አበባ ቢጫ፣ ከኋላው ዚፕ ያለው። ያቺ እናት ግን በገበያ ቀን በበረንዳዬ ፊት አልፋ ወደ ሐጂ ሱቅ ገባች። እግሯን እንኳ አላዘገመችም። መንደሯም ተከትሏት ገባ።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። በዓሉ እየተቃረበ ሳለ አንዲት ደንበኛዬ ቢጫውን ቀሚስ ይዛ ገባች። «ልጄ ለመለካት ስትለብሰው ዚፑ ጥርሱን አራገፈ» አለችኝ። ከተሰቀሉት አንዱን አውርጄ ሳብኩት፤ አራገፈ። ሌላውን ሳብኩት፤ እሱም ያው። ስፌቱን አይቻለሁ፣ ጨርቁን አይቻለሁ፣ በክር ለክቻለሁ፤ ዚፑን ላይና ታች ስቤ አላየሁም። ስልኬን አንስቼ መርካቶ ደወልኩ።

«ዚፑ?» አለች። «ሁሉን ፈትተሽ ስትጨርሺ ዚፕ መሳብ አቃተሽ? ጣት የለሽም?»

«እትዬ፣ መስቀል ደረሰ እኮ…»

«መስቀል መቼ እንደሆነ አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ?» ዘጋችብኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። እንጀራውን እየቆረሰ «ጋሼ ቢሆኑ ኖሮ ቢያንስ በትህትና ነበር የሚያሰናብቱሽ» አለኝ። እኔ በልቤ የሱቁን መደርደሪያ ለማን እንደምሸጥ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ሐጂ ለጫማ ይሆናቸዋል።

በማግስቱ ሱቄን እንደከፈትኩ አንድ ባጃጅ በረንዳው ስር ቆመ። ከአዲስ አበባ የገባው የሚኒባስ ረዳት ነው፤ ትልቅ ጥቅል አቅፎ ወረደ።

«እህት፣ ይሄን የላከችው ሴትዮ ምንሽ ናት?» አለኝ። «‹እጇ ላይ አስረክባለሁ ብለህ ካልማልክ አትነሳም› ብላ መኪናው ፊት ቆማ ነበር። ሹፌሩ እስኪምል ድረስ አልለቀቀችንም።»

ጥቅሉን ፈታሁት። ያው ቢጫ ቀሚስ፣ ሌላ ዚፕ። የእያንዳንዱን ዚፕ ላይ ታች ሳብኩ፤ እንደ ቅቤ ይሄዳል። ከስሩ ደግሞ አንድ ፌስታል ሙሉ ዚፕ ብቻውን ተቀምጧል። ደወልኩላት።

«እትዬ፣ ደረሰኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዚፑ ግን ለምንድነው?»

«እስካሁን የሸጥሻቸውስ? ጥሪያቸውና ይቀየርላቸው። የልብስ ሰፊውን ሒሳብ እኔ እችላለሁ።»

«ሳይመጡ ልጥራቸው?»

«እስኪመጡ ልትጠብቂ ነው? በበዓል ቀን ልጅቷ ጀርባዋ ተከፍቶ ታልቅስ?» ዘጋችብኝ።

ነጋዴ ደንበኛውን ጠርቶ «የሸጥኩልህ ብልሹ ነው» ሲል ወልቂጤም አላየሁ፣ ቡታጅራም አልሰማሁ። አንዱን ደወልኩ፣ ሁለተኛውን ደወልኩ፤ የሌሎቹን ስልክ ከየት ላምጣ? የገበያ ቀን ነበር። በረንዳዬ ላይ ወንበር አስቀምጬ ወጣሁበትና ጮህኩ።

«ቢጫ ቀሚስ የወሰዳችሁ! ዚፑ ብልሹ ነው! አምጡት፣ በነጻ ይቀየርላችኋል!»

ባጃጆች እንኳ ጥሩንባቸውን ያቆሙ መሰለኝ። ሐጂ ከሱቃቸው ወጥተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አብደሻል እንዴ? የራስሽን ዕቃ በአደባባይ ታዋርጃለሽ?»

«ዚፑን ነው ሐጂ፣ ቀሚሱን አይደለም!»

አጠገቤ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋውን ልብስ ሰፊ ያዝኩት። ቀሚሶቹ መምጣት ጀመሩ። በነጻ የሚባል ነገር ቡታጅራ ላይ ከወሬ ይፈጥናል፤ ከእያንዳንዱ ቀሚስ ጋር ዚፕ ሲቀየር ለማየት ብቻ ሁለት ሦስት ሰው አብሮ ይመጣ ነበር። ቆሞ የሚያይ ሰው ደግሞ እጁ ስራ አይፈታም፤ የተሰቀለውን ይነካል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይገዛል። ያቺ እናት ከሐጂ ሱቅ በር ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማ ነበር። ሳያት አየችኝ። ሳትመጣ ሄደች።

በሚቀጥለው ገበያ፣ የመስቀል ገበያ ነው፣ በረንዳዬን ረግጣ ገባች። ሰላምታ የለም። ከመቀነቷ ውስጥ አንድ የጨርቅ ቋጠሮ ፈታችና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ክር ነው። ነጭ ክር፣ ጥቁር ክር፣ የማዳበሪያ ክር፣ የሹራብ ክር፤ የመንደሩን ልጅ ሁሉ በክር ጠቅልላ አምጥታዋለች።

«የሐጂ ጃኬት ጥሩ ነው» አለች። «ለልጆች ግን…» ፊቴን እያየች ጠየቀችኝ።

«ከጎደለ ትጠሪኛለሽ አይደል?»

«ራሴ መንደርሽ ድረስ እመጣለሁ» አልኳት።

ዕድሜ አልጠየቅኋትም፤ ቁጥርም አላየሁም። እሷ ክሩን ከላይ ይዛ፣ እኔ ከታች፣ እያንዳንዱን ልብስ ለካን። ዚፑን እሷ ራሷ ላይና ታች እየሳበች ፈተሸች። ወንዝ ሊሻገር ነው የተባለው ልጅ ጋ ስንደርስ ታጥፎ የተሰፋ እግር ያለው ሱሪ መረጥኩለት። «ሲያድግ ይተረተርለታል» አልኳት። አየችው፤ አየችኝ፤ ያን ጊዜ ሳቀች። መንደሯ በረንዳዬ ላይ ተሰልፎ ሲሸከም ዋለ። መደርደሪያዬ ከላይ ጀምሮ ባዶ ሲሆን እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በሩ ላይ ለማሳያ ያቆምኳት አሻንጉሊት የለበሰችውን ቀሚስ ሳይቀር አውልቄ ሸጥኩት።

ወደ ማምሻው ሐጂ መጡ። ዙሪያቸውን አይተው፣ ከኪሳቸው ክር አወጡ።

«የጎረቤቴ ልጆች ናቸው፣ ክርስቲያን ናቸው፣ ለበዓላቸው ላለብሳቸው ብዬ ነው።»

«ሐጂ፣ እርስዎም ሱቅ አለዎት እኮ።»

«ዝም ብለሽ ለኪ።»

ለካሁ። ዋጋውን ግን እንደ ማንኛውም ሰው ተከራከሩኝ፤ እንዲያውም ከማንኛውም ሰው በላይ። ቀንሼላቸው ቁልፌን አነሳሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የሚሸጥ አልቆብኝ፣ በመስቀል ዋዜማ ሱቅ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነበር።

የበዓሉ ዕለት ጋሼ አማቴ ቤት መጡ። እሳቸውም ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ። ተነስተን ተቀበልናቸው፤ ከፍ ያለ ቦታ ተቀመጡ፤ ክትፎው በጣባ ቀረበላቸው። የባለቤቴ እህት ልጅ ከእኔ ሱቅ የተገዛላትን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ እጃቸውን ልትስም ቀረበች። ጋሼ ልጅቷን ሳሟት፤ ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዙ። ጨርቁን አሹት። ገለበጥ አድርገው የውስጥ ስፌቱን አዩ። የነጋዴ እጅ በበዓልም አያርፍም። ባለቤቴ ወደ እኔ አየና ዓይኑን ወደ ክትፎው መለሰ።

«ይሄ ከእኔ አይደለም» አሉ ጋሼ።

«አይደለም ጋሼ» አልኳቸው።

ዚፑን ወደ ታች ሳቡት፤ ወደ ላይ መለሱት። አማቴ ማንኪያ ይዛ ቆማለች።

«ጥሩ ዕቃ ነው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እኔ ተጠጉ። «ከማን ነው የምታመጪው?»

ጣባውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግኩ።

«ይብሉ ጋሼ፣ ክትፎው ሳይቀዘቅዝ።»